ቁስሉ አለ፣ ወረቀቱ የለም፦ የወሎ ዘማቾች ማኅደር እንዴት ይቃና?

በደሴም ሆነ በወልድያ፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አይጠፉም። ከደንበኞቻቸው መካከል ደግሞ ፌስታል የያዙ ሽማግሌ አይታጡም። ፌስታሉ ውስጥ ጠርዙ የተበላ የመሰናበቻ ወረቀት አለ። የደበዘዘ ጉርድ ፎቶ አለ። አንዳንዴ ሪባኑ የወየበ ሜዳይም ይኖራል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ቆስዬ ነበር፣ ማኅደሬ ላይ ግን አልተጻፈም።»

መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ማስረጃ ያምጡ።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሽማግሌው እግራቸው ውስጥ ያለውን ብረት አልፈጠሩትም። ኃላፊውም ያለ ማስረጃ ከፈረመ ነገ ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ «መንግሥት ጨካኝ ነው» ወይም «ሰዉ ያጭበረብራል» በማለት አይቋጭም። ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። ወረቀት ሲጠፋ በምን ይተካል? ማንስ ነው «ይህ ይበቃል» ብሎ የሚወስነው? እኛ ጋ የጎደለው ይሄኛው ነው ባይ ነኝ። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከወሎ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ወሎ ወደ ጦርነት ሄዷል፤ ጦርነትም ወደ ወሎ መጥቷል። ሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ገበሬው ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ሠለጠነ፤ ኦጋዴንም ኤርትራም ዘመተ። በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፤ ወጣቱ በየዙሩ በኮታ ሄደ። ከ1990 እስከ 1992 ደግሞ ባድመና ዛላንበሳ። ከጥቅምት 2013 በኋላ የመጣው ጦርነት እንኳ ዘምተውበት ብቻ አላበቃም፤ ራሱ ቆቦ፣ ወልድያ፣ ላሊበላ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጣ። አያት ስለ ካራማራ፣ አባት ስለ ባድመ፣ ልጅ ስለ ጋሸና የሚያወሩበት ቤት ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም። የሦስቱም ወረቀት የጠፋበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው።

ከአያት እንጀምር። ለደርግ ዘመን ወታደር ትልቁ ችግር ሠራዊቱ ራሱ መፍረሱ ነው። ግንቦት 1983 ላይ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። በቀጣዩ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ወታደሩ በየካምፑ ተመዝግቦ፣ ካርድ ተሰጥቶት፣ ወደ ቀዬው ተሸኘ። ምዝገባው ያን ሁሉ ሕዝብ ለመቀለብና በሰላም ለማሰናበት ነበር የታሰበው። የእያንዳንዱን ሰው የቁስል ታሪክ ለመጻፍ አልነበረም። እግሩ የተቆረጠ በዓይን ይታያል። ጀርባው ውስጥ ፍንጣሪ የቀረበት ግን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ማን ይጠይቀዋል? እሱም ቢሆን በዚያ ሰዓት የሚያስበው ቤቱ መግባትን ነው።

ሌላም አለ። የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት መምሪያ አሥመራ ነበር። የሦስተኛው መቀሌ። መቀሌ በ1981 ተለቀቀ። አሥመራ ግንቦት 1983 ከእጅ ወጣ፤ ከ1985 ወዲህ ደግሞ የሌላ አገር ዋና ከተማ ነው። ናቅፋ ግንባር ቆስሎ አሥመራ የታከመ የተንታ ወይም የሐይቅ ልጅ የሕክምና ካርዱን ከየት ያምጣ? «ሄደህ አምጣ» የሚለው መልስ ለእሱ ቀልድ ነው።

የልጅየው ጦርነት ደግሞ ወረቀቱን እዚሁ ቤቱ ድረስ መጥቶ አጠፋበት። ወልድያ ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተዘረፉ። በየከተማው ካርድ ክፍል ተገለበጠ፣ የቢሮ መዝገብ መሬት ላይ ተበተነ። በ1992 ከግንባር ተመልሶ እዚህ ሲታከም የኖረ አባት እንኳ የክትትል ካርዱን ያጣው በልጁ ጦርነት ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን የስም ጉዳይ ነው። ጥቃቅን ይመስላል። ሰው የሚንከራተተው ግን በሱ ነው። ወሎ ውስጥ ሰይድ የሚባል ሰው ስንት ነው? ጸሐፊው እንደሰማው ይጽፈዋል። አንዱ ሰይድ፣ አንዱ ሠይድ፣ ሌላው ሰኢድ ይለዋል። መሐመድ ሙሐመድም መሀመድም ይሆናል። እንድሪስ ኢድሪስ ይሆናል። በወረቀት ዘመን መዝገብ ቤቱ ያለው ሰው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ይሄ አንተ ነህ» ይል ነበር። ኮምፒውተር ግን ሰን እና ሠን አያስታርቅም፤ «የለም» ይላል፣ አለቀ። በታላቅ ወንድሙ ስም የዘመተም አለ። የአያት ስሙ ካምፕ ውስጥ የተለወጠበትም አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከቁስሉ በፊት መጀመሪያ እሱ እሱ መሆኑን ማስረዳት አለበት።

እንግዲህ ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። አሜሪካኖቹም ደርሶባቸዋል፤ ያውም በአንድ ቃጠሎ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ከተማ ያለው የወታደር ማኅደር ማከማቻ በእሳት ተያያዘ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የግል ማኅደር ወደመ። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች ማኅደር 80 በመቶው አመድ ሆነ። ቅጂ አልነበረውም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የኮሪያ ምድር ጦር ዘማች አብዛኛው በአንድ ጊዜ እንደ እኛ ሽማግሌዎች ሆነ ማለት ነው።

ትምህርት ያለው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ላይ ነው። «ተቃጥሏል» ብለው በሩን አልዘጉም። የወታደሩ ስም ሌላ የት የት ሊገኝ እንደሚችል መፈለግ ጀመሩ። የደመወዝ መክፈያ፣ የሆስፒታል መግቢያ መዝገብ፣ የየሻምበሉ የጠዋት ሪፖርት። የጠዋት ሪፖርት ማለት ዛሬ ማን ቆሰለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሆስፒታል ተላከ ተብሎ በየዕለቱ የሚጻፍ ወረቀት ነው። አንድ መስመር ናት። ያቺ አንድ መስመር ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሰው ሜዳይ አስመልሳለች።

ሁለተኛው ነገር ቦርዱ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1946 ድረስ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ማኅደሬ ይታረም ቢል ለሱ ብቻ የሚሆን ሕግ በምክር ቤት መውጣት ነበረበት። ምክር ቤቱ ሰለቸውና ሥራውን ለማኅደር አራሚ ቦርዶች ሰጠ። ቦርዱ ላይ የሚቀመጡት ሲቪሎች ናቸው። አመልካቹ አንድ ቅጽ ይሞላል። ስህተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ለፍትሕ ሲባል ግን ቀነ ገደቡ ሊታለፍለት ይችላል። ሰውየው ከሞተም ቤተሰቡ ያመለክታል። ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል።

አሜሪካ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው እያልኩ አይደለም። ፐርፕል ኸርት የሚባለው የቁስለኛ ሜዳይ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ቁስሉ ከጠላት የመጣ፣ የሕክምና ባለሙያ ያከመው፣ ሕክምናውም በመዝገብ የሰፈረ መሆን አለበት። ጓደኛው በጨርቅ አስሮለት ወደ ምሽጉ የተመለሰ ጀግና እዚያም ወረቀት አጥቶ ውድቅ ይሆንበታል። ብዙዎች ውድቅ ይሆንባቸዋል። ልዩነቱ ውድቅ የተደረገው ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ምን ቢጨምር እንደሚታይለት ያውቃል። መመሪያውም ሲያስፈልግ ይሻሻላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2011 ከፍንዳታ የመጣ የጭንቅላት መናወጥም ሐኪም ካከመው ሜዳዩን እንደሚያሰጥ ተብራርቷል። እኛ ጋ መድፍ አጠገቡ ፈንድቶ ጆሮው የደነቆረ፣ ራሱን የሚያመው ስንት ነው? ደም ስላልታየ ቁስለኛ ያልተባለ።

መቼም መጻፍ አልቻልንበትም እንዳይባል፣ ኮሪያን አስታውሱ። እዚያ የዘመቱት የእኛ የቃኘው ሻለቃዎች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር የተሰለፉት። የቁስለኞቻቸው ቁጥር 536 ተብሎ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። ከዚያ በኋላ ስላደረግናቸው ጦርነቶች እስከ አንድ ሰው ድረስ የተቆጠረ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ ወሎ እንመለስ። ማኅደሩ የጠፋበት ሰው ዛሬ ምን መያዝ ይችላል?

መዝገብ ቢሮ በሦስት ጥያቄ ነው የሚያስበው። አንተ ማን ነህ? ያን ጊዜ እዚያ ነበርክ? ይህ ቁስል ያን ጊዜ የመጣ ነው? አብዛኛው ሰው ለሦስቱም አንድ ወረቀት ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ድሮም ብርቅ ነው። ለየጥያቄው የየራሱን ማስረጃ ማሰባሰብ ይሻላል።

የስሙ ጉዳይ በፍርድ ቤት ያልቃል። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን በምስክርና በሰነድ አስረድቶ ማስወሰን የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው መታወቂያ፣ ፋይዳውም ጭምር፣ በአንድ አጻጻፍ ይሁን።

«እዚያ ነበርክ ወይ» ለሚለው ሰው የማያስበው ማስረጃ ቤቱ ውስጥ አለ። ከግንባር የተላከ ደብዳቤ ላይ የክፍሉ አድራሻ ይኖራል። አሥመራ ፎቶ ቤት የተነሱት ፎቶ ጀርባ ላይ ቀንና የጓደኞች ስም ይገኛል። ደመወዙን ለእናቱ ወይም ለሚስቱ በውክልና ያስከፍል የነበረ ሰው የውክልናው ወረቀት ሣጥን ሥር ሊኖር ይችላል። እነዚህን ልጆች ለጨዋታ ይቀዳድዷቸዋል፣ ሴቶቹ ቤት ሲያጸዱ ይጥሏቸዋል። ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንሷቸው።

ቁስሉን በተመለከተ ራጅ ትልቅ ነገር ነው። ሥጋ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሐኪሙ የሚያየውን ይጽፋል፤ ጠባሳው የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ ብረት መኖሩን፣ አጥንቱ ተሰብሮ መጋጠሙን። «በጦርነት ቆስሏል ብለህ ጻፍልኝ» እያሉ መለመን ግን ጉዳት አለው። ሐኪሙ እዚያ አልነበረም። ያላየውን ከጻፈ ወረቀቱ በሙሉ ይጠረጠራል።

የት፣ መቼ፣ እንዴት የሚለውን የሚናገር ምስክር ነው። እዚህ ላይ ትልቅ ብክነት አለ። ሰው ከቀበሌው ሦስት ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹም «ጨዋ ሰው ናቸው፣ ጀግና ነበሩ» ይላሉ። ደግ ቃል ነው፣ ግን አንዳቸውም ግንባር አልነበሩም። የሚረባው በአንድ ሻምበል ወይም በአንድ መቶ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። «እኔ የመትረየሱ ረዳት ነበርኩ፣ እሱ በቀኜ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሞርታር ወደቀ፣ ግራ ጭኑን መታው፣ እኔና እገሌ ተሸክመን አወጣነው» የሚል ምስክር አሥር የምስጋና ደብዳቤ ይበልጣል። እንዲህ ያሉት ምስክሮች ደግሞ ዕድሜያቸው ሄዷል። የካራማራ ዘማች ዛሬ ሰባ ተጠግቷል ወይም አልፎታል። ስለዚህ ጓዳችሁ በሕይወት ካለ ቃሉን አሁኑኑ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ እናንተም ቃላችሁን ስጡት። ለማመልከቻው ሲደርስ ይወጣል።

ማመልከቻው ራሱስ? ደጋግሜ ያየሁት አጻጻፍ እንዲህ ነው፦ «እኔ አመልካች ለውድ እናት አገሬ አጥንቴን ከስክሼ ደሜን አፍስሼ ለዳር ድንበር መከበር የተዋደቅሁ ስሆን፣ ዛሬ ግን ጧሪ ቀባሪ አጥቼ…» እያለ አንድ ገጽ ይሞላል። ልብ ይነካል። ነገር ግን መዝገብ ቤት ያለው ሰው አንዲት ፍለጋ ሊያደርግበት አይችልም። ክፍለ ጦሩ የለም፣ ዓመቱ የለም፣ ቦታው የለም። እንዲህ ቢባልስ፦ «በየካቲት 1981 ሽሬ እንዳሥላሴ በተደረገው ውጊያ በ604ኛ ኮር ሥር፣ በዚህ ክፍለ ጦር፣ በዚህ ብርጌድ፣ በዚህ ሻለቃ ነበርኩ። የመለያ ቁጥሬ ይህ ነው። የሻምበል አዛዤ ይህ ነበር። ግራ ትከሻዬን ቆስዬ በዚህ ሆስፒታል ለዚህን ያህል ጊዜ ተኛሁ። ስሜ በመዝገቡ እንዲህ ወይም እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የምጠይቀው ቁስሉ በማኅደሬ እንዲሰፍር ነው።» ሽማግሌው ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ችግሩ ማንም አልጠየቃቸውም። ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

ከዚህ በላይ ያለው ጉዳይ የመንግሥት ነው። የቁስሉ መመዝገብ ለስም ብቻ አይደለም። በ2014 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267 የመከላከያ ሠራዊት አባላትንም ያቅፋል። የጉዳት አበል ለማግኘት ጉዳቱ በሥራ ላይ የመጣና ቢያንስ 10 በመቶ የሆነ፣ ሰውየውንም ከሥራ ያወጣ መሆን አለበት። ሥራ ለሚችለው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት አለ። መቶኛውን የሚለካው የሕክምና ቦርድ ነው። «በሥራ ላይ የመጣ» የሚለውን የሚያስረዳው ግን ማኅደሩ ነው። ማኅደሩ ዝም ካለ የቦርዱ ወረቀት ብቻውን የትም አይደርስም። የጡረታ ጥያቄ ውድቅ ከተደረገ ለማኅበራዊ ዋስትና ጉዳዮች ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይግባኝ ይባላል። ቀኑ የተቆጠረ ስለሆነ ውሳኔው የደረሳችሁበትን ቀን ጻፉ። ውሳኔውንም በቃል አትቀበሉ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ ያዛል። «ሂድና ቆይተህ ና» ውሳኔ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን የአበል መንገድ ነው። ማኅደሩን ራሱን የሚያርም፣ ሲቪልም ወታደርም ሐኪምም የሚቀመጥበት፣ «ይህ ማስረጃ ካለ ያንን ይተካል» የሚል የተጻፈ መመሪያ ያለው አንድ ቦርድ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ በዓመት አንዴ እንኳ ቢያስችል ሽማግሌው በየጊዜው አዲስ አበባ ከመመላለስ ይድናል። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ይህ ቅንጦት አይደለም። «አጭበርባሪ ይበዛል» የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። ይበዛል። የተጻፈ መስፈርት ያለው ቦርድ ግን አጭበርባሪን ከዘመድና ከትውውቅ የተሻለ ያጣራል።

አሁን በጣም አጣዳፊው የ2013ቱ እስከ 2015ቱ ጦርነት ቁስለኛ ነው። የመከላከያው ወታደር ቢያንስ ክፍል አለው። የክልሉ ልዩ ኃይል በ2015 ፈርሶ አባላቱ ወደ መከላከያና ፖሊስ እንዲገቡ ተወስኗል። ቁስሉ አብሮት ተዛወረ ወይ የሚለውን እያንዳንዱ አሁን፣ አዛዡ ሳይበተን ማረጋገጥ አለበት። ከሁሉም የባሰበት ሚሊሻውና የራሱን መሣሪያ ይዞ የወጣው ገበሬ ነው። ቅጥር የለውም፣ መለያ ቁጥር የለውም። ስሙ ያለው የቀበሌው ሊቀመንበር ወይም የሚሊሻ ኃላፊው ደብተር ላይ ነው። ያ ደብተር ሊቀመንበሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ለማቋቋም ዕቅድ ይዟል። ይህን ያህል ሰው አንድ በአንድ ሲመዘገብ የቁስሉ ቦታ፣ ቀኑና ያከመው ተቋም አብሮ ቢሰፍር ምን ያህል ድካም እንደሚቀንስ አስቡት። ወረዳዎችም ለሚሊሻቸው ይህንኑ ማድረግ አያቅታቸውም። ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ቅጽ፣ አንድ ማኅተም፣ ሁለት ቅጂ ይበቃል።

ስለ ሜዳዩ አንድ ነገር ልበል። «ብረት ምን ያደርግላቸዋል» የሚሉ ወጣቶች አሉ። እኔም መጀመሪያ ቁስሉ ይመዝገብ እላለሁ፣ ምክንያቱም ሕክምናና አበል የሚያመጣው እሱ ነው። ሜዳዩ ግን ለሽማግሌው ሌላ ነው። ከ1983 በኋላ «የደርግ ወታደር» ተብሎ ለሥራ ሲጠይቅ የተገላመጠ ሰው የሚፈልገው «አገሬን ነበር ያገለገልኩት» የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ነው። እሱን መንፈግ ደግሞ ለበጀት የሚያተርፈው ነገር የለም።

የሄዱበት የቀሩ ልጆች ቤተሰብ መንገዱ ይለያል። ልጁ ወይም ባሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ከጠፋ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤተሰቡ የመጥፋት ውሳኔ ከፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ብዙ እናቶች ይህን አይፈልጉትም፤ ተስፋ እንደመቁረጥ ይሆንባቸዋል። መርዶ ሳይመጣ እንዴት ብዬ ይላሉ። ማንም ሊያስገድዳቸው አይገባም። ሚስትና ልጆች ግን በውሳኔው ሊያገኙ የሚችሉት መብት ሊኖር ስለሚችል ቢያንስ ሰነዱ ይሰብሰብ፤ የመጨረሻ ደብዳቤው፣ የደወለበት ስልክ ቁጥር፣ አብረውት የነበሩ ልጆች ስም። ውሳኔው ሲወጣ ሁለት ሦስት የተረጋገጠ ቅጂ አስወጡ። አንዱን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ አስቀምጡ። በ2014 አንድ ቤት የነበረ ወረቀት ሁሉ አብሮ ነው የሄደው።